ወንድሜ ሁለት ክረምት የለፋበትን በአንድ ጣት አጠፋሁት

ያ ረቢ! ዛሬ ከሰዓት የሰው አደራ በላሁ።

ወንድሜ ሰይድ አረብ አገር ከመሄዱ በፊት፣ እዚህ መካነ ሰላም ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጫወተው አንድ የጀብዱ ጌም ነበር። ጌሙ በየጊዜው ለየብቻ የወጣ አምስት ክፍል አለው፤ እሱ ነፍሱ ሁለተኛው ላይ ነው። በሁለተኛው አንዴ ገደል ከገባህ እንደገና ከታች ነው የምትጀምረው፤ መንገድ የሚያሳይህም የለም።

ሁለት ክረምት ለፍቶ የመጨረሻው በር ላይ ደርሶ ነው የሄደው። «አደራ፣ እንዳትነኪው! ስመለስ እኔው እከፍተዋለሁ» አለኝ።

እኔ ደግሞ የለመድኩት አምስተኛውን ነው፣ በስልኬ። እሱ በቀስት ይመራል፣ ስትወድቅ ያነሳል፣ የደረስክበትንም ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ሰይድ «ይሄ ጌም አይደለም፣ ባጃጅ ነው፤ ደጅሽ ድረስ ያደርስሻል» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ዛሬ ሰይድ ሲናፍቀኝ የሱን ከፈትኩና ከመጀመሪያው ትንሽ ሞከርኩ። ልወጣ ስል የሆነ ነገር ጠየቀኝ። እንደ ስልኬ መስሎኝ ሳላነብ «እሺ»ን ተጫንኩ።

የኔን አምስት ደቂቃ በሱ ሁለት ክረምት ላይ ጻፈበት።

እሱ የደረሰበት ልድረስ ብዬ እስካሁን እየታገልኩ ነው። የመጀመሪያውን ድልድይ እንኳ አልተሻገርኩም።

ነገ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። መጀመሪያ «እማ ደህና ናት?» ይላል፣ ቀጥሎ «ጌሜስ?»

የሰው አደራ በልታችሁ የምታውቁ፣ ለባለቤቱ እንዴት አድርጋችሁ እንደነገራችሁት ጻፉልኝ። ወላሂ፣ እኔ እስካሁን አፌ ላይ የመጣልኝ «ደህና ነው» የሚለው ብቻ ነው።