የአደሴ ትሎች የታመሙ ሰሞን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ትል የምታረባዋ ሴት የት ናት ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር፣ ሕፃን ሽማግሌው ወደ አደሴ በረንዳ ይጠቁመዋል። የምትኖረው ምድር ቤት ነው። በረንዳዋ ላይ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ቀያይ ትሎች የሙዝ ልጣጭና የጎመን ትራፊ እየበሉ ጥቁር አፈር ያወጣሉ። በዚያ አፈር የበቀለውን ቆስጣ ያየ ሰው መሬት የለኝም ብሎ ማማረሩን ይተዋል።

ትሎቹን ያመጣቻቸው ለቆስጣው ነበር፤ አሁን የምትሳሳላቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የባሏ አባት አባባ ጂራታ ዕድሜ ልካቸውን በሬ ሲያደልቡ የኖሩ ገበሬ ናቸው። መንደራቸው ከተማ ሲሆን ከእነ አደሴ ዘንድ ገቡ፤ ገብተውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ከአልጋ ያስነሷቸው ትሎቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከሳጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "እንዴት አደራችሁ?" ይሏቸዋል። አደሴ ይህን ስትሰማ ሆዷ ይባባል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ሳጥኑ ይሸት ጀመር። ትሎቹ በጎኑ እየወጡ ክዳኑ ሥር ተቆለሉ፤ አንዳንዶቹም በረንዳው ወለል ላይ ደርቀው ተገኙ። ከላይ ፎቅ የምትኖረው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ባለሱቋ ሐጀራ፣ እሁድ ጠዋት አፍንጫዋን ይዛ ወረደች።

"አደሴዬ፣ እንደ እህት ነው የምነግርሽ። እስከ ሳምንት ሽታው ካልጠፋ ሳጥኑ ይነሳል።"

ሳጥኑ ከተነሳ ሽማግሌው ወደ አልጋቸው እንደሚመለሱ አደሴ አላጣችውም። እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። መጀመሪያ ከሳጥኑ አንድ ጭብጥ አንስታ ጨመቀች። ሁለት ሦስት ጠብታ ቢወጣ ደግ ነው፤ ይሄ ግን በጣቶቿ መሃል ተንዠቀዠቀ። ጎመኑን ቀነሰች፤ ለውጥ የለም። የታችኛው ቀዳዳ ተደፍኖ ይሆናል ብላ በሽቦ ጎረጎረችው። ቡናማ ውሃ ወጣ፤ አሸተተችው። ጌሾ ጌሾ ይላል። እሷ ቤት ደግሞ ጠላ ተጠምቆ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ጠበቀች። አባባ ጂራታ ከሰፈሩ ጠላ ቤት ያመጡትን አንድ ጣሳ አተላ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሳጥኑ ውስጥ አንቆረቆሩት። "ጠጡ እንጂ፣ እናንተ ከሲታዎች!" ይላሉ። ለበሬ ትልቁ ግብዣ አተላ አይደል? ትሎቹ ግን የሚሸሹት ያንኑ ኮምጣጣ ግብዣ ነበር።

ሌላ ምራት ብትሆን ጣሳውን ነጥቃ ጉድ ታፈላ ነበር። አደሴ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ወጣች፤ ጣሳውን ያላየች መስላ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ትሎቹ አላማሩኝም። አንቱ በሬ ሆዱ ሲነፋ ምን ያደርጉለት ነበር?"

ሽማግሌው ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "እርጥብ ነገር አላስቀምሰውም። ደረቅ ጭድ ብቻ።"

"እዚህ ጭድ ከየት ይመጣል? ካርቶን ይሆን ይሆን?"

"ደቀቅ ተደርጎ ከተቀደደ ለምን አይሆንም?" አሉና ጣሳውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ከበርጩማው ሥር ሸሸጉት።

ከሐጀራ ሱቅ የካርቶንና የእንቁላል ማስቀመጫ ክምር መጣ። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ቀደዱ። አደሴ እያገላበጠች ደባለቀች፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ነሰነሰች፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ አየር አስገባች። አተላ ዳግመኛ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ትሎቹ ክዳኑን ለቀው ወደ ውስጥ ገቡ።

እሁድ ሐጀራ ወረደች፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች። ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ብቻ ነው።

"ለመሆኑ ምን ነክቷቸው ነበር?"

"ደረቅ ምግብ አንሷቸው ነው" አለች አደሴ።

"እኔ ነኝ ያወቅኩላቸው!" አሉ አባባ ጂራታ ካርቶናቸውን ሳይለቁ። "እሷማ ግራ ገብቷት ነበር። እኔ ባልኖር አልቀው ነበር።"

ሐጀራ ወደ አደሴ ዞረች። "እውነታቸውን ነው?"

"እውነታቸውን ነው" አለች አደሴ። "እሳቸው ባይኖሩልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?"