የአራት ፍየሎች ጆሮ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ግን ያን ክረምት ቂሜን ይዤ በየእሁዱ ጸሎት ቤት ገብቻለሁ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ከሰው እኩል ዘምሬያለሁ። ዓይኔን ግን ከፊት ለፊቴ ከተቀመጠው ሰው ማጅራት ላይ አላነሳሁም። ሰውየው የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጡረታዬን ሳቅድ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ከጠመኔ አቧራ ስገላገል፣ ሺንሺቾ አጠገብ ባሌ ትቶልኝ በሄደው መሬት ላይ የሰው እጅ ሳላይ ልኖር አሰብኩ። ዕቅዱን በተማሪ ደብተር ላይ ሣልኩት፦ ጓሮው እንሰት፣ ከጎኑ ድንችና ጎመን፣ በሩ አጠገብ አቮካዶ፣ ጥግ ላይ የፍየል በረት። ፍየሎቹ ፍጋቸውን ለእንሰቱ ይሰጣሉ፣ እንሰቱ ቅጠሉን ለፍየሎቹ፣ እኔ ደግሞ ቆጮዬን በወተት እበላለሁ። ልጆቼ ደብተሩን አይተው «እማዬ፣ ጨው እንኳ አትገዢም?» ብለው ሳቁብኝ። ጨውማ እገዛለሁ አልኳቸው።

እንሰት ዛሬ ተክለውት ነገ የሚበሉት ነገር አይደለም፤ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ሲቀረው ችግኙን አስተከልኩ። ያኔውኑ አራት ቀይ ሴት ፍየሎች ገዛሁ። እኔ ሆሳዕና ስለነበርኩ፣ ግቢው ከግቢዬ ጎን ለሆነው ለዋርሳዬ በርቢ ሰጠሁት። የርቢ ደንብ የታወቀ ነው፤ እናቲቱ የባለቤቷ ናት፣ ግልገሉን ባለቤቷና ጠባቂው እኩል ይካፈላሉ። አንዷ ከሞተች ጠባቂው ቆዳዋን ከነጆሮዋ ይዞ ይመጣል፤ ምስክሩ ጆሮው ነው። እኔም የአራቱንም የግራ ጆሮ ጫፍ በገዛ መቀሴ ቀንጥቤ ምልክት አድርጌ ነበር።

የመጀመሪያው ቆዳ የመጣው ዓመት ሳይሞላ ነው። ዋርሳዬ ደረቁን ቆዳ አጥፎ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሆሳዕና ድረስ መጣ። «እትዬ፣ ሆዷን ነፍቷት ሞተች» አለኝ፣ እንባ አቅርሮ። ጆሮውን አየሁ፤ ምልክቴ አለ። አዘንኩለትና ምሳ አበላሁት። ሁለተኛዋን ምጥ ገደላት፣ ሦስተኛዋ ገደል ገባች፣ አራተኛዋን እባብ ነደፋት። «አይ ዕድሌ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልኩ ቆዳዎቹን ወንበሮቼ ላይ አነጠፍኳቸው።

ለበዓል ሺንሺቾ ስሄድ የእሱ ግቢ በፍየል ይተራመሳል። የትልልቆቹ የግራ ጆሮ ከሥሩ ተቆርጧል። ምን ሆነው ነው ስለው «ከሰው ፍየል እንዳይቀላቀሉብኝ የኔ ምልክት ነው» አለኝ። ሁሉም ቀይ ናቸው፤ ቀይ ፍየል ደግሞ በአገሩ ሞልቷል፤ እኔ የኔዎቹን ያየኋቸው የገዛኋቸው ቀን ብቻ ነበር። «እንዴት ያማሩ ናቸው!» ብዬ አደነቅኩለት። ሚስቱ ወተት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ፤ እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ፣ ጉንጯን ስሜ ተሳፈርኩ። ያቺ ወተት እስከ ዛሬ ታንገሸግሸኛለች።

ጡረታ ወጥቼ ዕቃዬ አይሱዙ ላይ ሊጫን ሲል ቆዳዎቹን ልሽጣቸው ብዬ ገበያ ወሰድኳቸው። ቆዳ ነጋዴው ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸው የጉራጌ አዛውንት ናቸው። ጆሮዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ቲቸር፣ ይሄ ምልክት በሕይወት እያሉ የተደረገ አይደለም» አሉኝ። «በቁሙ የተቆረጠ ጆሮ ይድናል፤ ጠርዙ ይወፍራል፣ ፀጉር ያበቅላል። ይሄ ከተገፈፈ በኋላ የተቆረጠ ነው። እዪው፣ ልክ እንደ ወረቀት።»

ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁስል እንዴት እንደሚድን ሰሌዳ ላይ ስሥል የኖርኩ ሴትዮ ከቆዳ ነጋዴ ተማርኩ! እዚያው ጆንያ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ቆዳው የሌላ ፍየል ነው፤ የእኔዎቹማ ምልክታቸው እንዳይታይ ጆሯቸው ከሥሩ ተቆርጦ እሱ ግቢ ይተራመሳሉ። መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ግን ፍየሎቹ አይደሉም፤ ወተቷ ናት። የገዛ ፍየሌን ወተት ሰጥተውኝ አመስግኜ ስሜያቸዋለሁ። እርር ድብን አልኩ። ቆዳዎቹንም ሳልሸጥ መለስኳቸው።

ለዋርሳዬ ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤቱ ሆኜ ገባሁ፤ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ እለዋለሁ፣ እሱም እትዬ ይለኛል። መስቀልን ነበር የምጠብቀው። እኛ ዘንድ የመስቀል ሥጋ በቅሬታ ላይ አይበላም፤ የተቀየመ ሰው ካለ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሳያልቅ ቢላ ሥጋ አይነካም። የዚያን ዓመት ድግስ እኔ ቤት ይሁን ብዬ ለመንኩ። ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ አራቱን ቆዳ አግዳሚው ላይ አነጠፍኳቸው። ዋርሳዬ መጣና አንደኛው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ሥጋው ሊቆረጥ ሲል ተነሣሁ። «ቅሬታ አለኝ» አልኩ። «እሱም ተቀምጦበታል።»

ሽማግሌዎቹ ጆሮዎቹን እየተቀባበሉ ዳሰሱ። ከዚያ እሱ ግቢ ድረስ ሄደው ጆሮ የሌላቸውን ፍየሎች አዩ። እሱ በከምባትኛ ብዙ ቀባጠረ፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ መኖ መጥፋት። አንዱ ሽማግሌ «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ! ስለ ጆሮው ንገረን» ሲሉት አንገቱን ደፋ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እናቶቹ ከነልጆቻቸው፣ አሥራ አንዱም፣ ለእኔ ተፈረዱ። ሽማግሌዎቹ ግን መከሩኝ። «በረትሽ አላለቀም፤ በሁለታችሁ ጓሮ መሃል ያለው አጥርም ወድቋል። መጀመሪያ እጠሪ፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያልሽ ውሰጂ» አሉኝ። ምክር የሚሰማ ጆሮ የት አለኝ! «በገበያ ቀን፣ ሁሉንም ባንድ ላይ፣ እሱ ራሱ እየነዳ ያምጣልኝ» አልኩ። በጓሮ በኩል ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን በዋናው መንገድ ዞሮ እንዲመጣ አስወሰንኩ።

መጣም። ሰው ሁሉ የሚያከብረው የጸሎት ቤት አገልጋይ፣ የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ አሥራ አንድ ፍየል እየነዳ በገበያተኛው መሃል አለፈ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ምንድን ነው ላለኝ ሁሉ አስረዳሁ፤ የፍየሎቹን ጆሮ እያስነካሁት። ከዚያ ፍየሎቹን አስገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ምናልባት ያልሰማ ካለ ብዬ ገበያ ወጣሁ። አንዷ ቅቤ ሻጭ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ እኔም ሁለቱንም ጊዜ ሳላሳጥር አወራሁላት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ግቢው ጭር ብሏል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይሉ የለ? ወገቤ የደረሰው እንሰቴ አንድ ቅጠል አልቀረለትም። መሃሉን፣ ልቡን ሳይቀር ቦጭቀውታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩ፤ የተረፈ አጣሁ። እንደገና ልትከል ብል ሌላ ስድስት ዓመት ነው፤ እኔ ደግሞ ስልሳን ተሻግሬያለሁ። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ኮቴያቸውን ተከትዬ በወደቀው አጥር አለፍኩ። አሥራ አንዱም ዋርሳዬ ግቢ፣ የድሮ ቦታቸው ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ለካ በእኔ እንሰት በኩል ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«እትዬ፣ አሁን ምን ሊያበሏቸው ነው?» አለኝ።

ቅጠል የለኝ፣ ሣር የለኝ፣ በረት የለኝ። እሱ መሬት መሬት እያየ «ከፈቀዱ… በርቢ ልያዝልዎት» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እሺ» አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያች ቃል የመረረኝ የለም። ሚስቱ ወተት በብርጭቆ አቀረበችልኝ፤ ሳልነካው ወጣሁ።

በማግስቱ መቀሴን ይዤ ሄድኩ። እሱ እየያዘልኝ የአሥራ አንዱንም ቀኝ ጆሮ ቀነጠብኩ። አራቱ ቆዳዎች አሁንም አግዳሚዬ ላይ ናቸው። ልጆቼ ጣያቸው ይሉኛል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እላቸዋለሁ። አንድ ቀን አንዷ ፍየል ትሞታለች፤ ቆዳዋን በከረጢት ይዞ ይመጣል። መነጽሬን አድርጌ ጠርዙን እዳስሳለሁ። ፀጉር ካላበቀለ ወዮለት!