ግራ ጎኑ የጎደለው ገበር

የስፌት መኪናዬ መርፌ የግራ እጄን ሌባ ጣት ሲወጋኝ አላመመኝም። መወጋቴን ያወቅሁት ነጩ አቡጀዲ ላይ ደም ሳይ ነው። እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁና ጣቴን አየሁት። የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ሰዓቷን ልብ በሉልኝ።

የሺ እባላለሁ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ መንገዱን በሚያየው የቤቴ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ልጄ ሰላም ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷት ስለነበር ለሕፃኑ ድሪቶ እየሠራሁ ነበር። ድሪቶ ሲባል የለማኝ ልብስ የሚመስለው አይጠፋም። የእኔ ግን ፊቱ አዲስ ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ ነው። የቀረኝ ገበሩ ብቻ ነበር፤ እሱን ከሥራ ከተረፈ ብጣሽ ነው የምቀጥለው፤ ከተማሪ ዩኒፎርም፣ ከመጋረጃ፣ ከሚዜ ቀሚስ። ገበር ማን ያየዋል ይላሉ። እኔ ግን ገበሩም ቢሆን ስፌቱ ከተጣመመ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ።

ወደ ጣቴ ልመለስ። ራሴን አዞረኝ፣ ግራ እጄም ከበደኝ። የዚያን ቀን ማልጄ ሽሮ ሠርቼ፣ ከእሳት እንደተነሳሁ ፀሐይ ላይ ልብስ አስጥቼ ነበር። ምች ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል? ደጄ ላይ ከተከልኩት ዳማከሴ ቀነጠስኩ። ዳማከሴ በሁለት መዳፍ ነው የሚታሸው። ግራ እጄ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በቀኜ አሸሁት፣ ጭማቂውን ጠጣሁ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ እንኳ ምች ነው አልኩ። እስቲ ይሄ ምን ይባላል?

ነቃሁ። ልነሳ ሞከርኩ። ግራ እግሬ የለም። ወደቅሁ። ልጣራ ብል ምላሴ ተሳሰረ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር። ቅዝቃዜው የተሰማኝ በቀኝ ጎኔ ብቻ ነው። ልሞት ነው አልኩ። ፈራሁ።

ጎረቤቴ ከድጃ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ከሰዓት በኋላም ቤቴ ጭር እንዳለ ስታይ በሩን ገፍታ ገባች። ቀና አድርጋ አስቀመጠችኝና ፊቴን አተኩራ አየችኝ።

"የሺ፣ እስቲ ሳቂ።"

"ምን የሚያስቅ አለ?" አልኳት እየተኮላተፍኩ።

"ሳቂ አልኩሽ!"

ሳቅሁላት። ደነገጠች። "አፍሽ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። አጎቴንም እንዲህ ነበር ያደረገው። ተነሺ እንሂድ።"

"ምች ነው፣ ተይኝ።"

"ወላሂ አልተውሽም!"

ሱቋን ዘግታ ላዳ አስቆመች። ከሾፌሩ ጋር ተሸክመው አስገቡኝ። ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቆመ። ከድጃ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ሰው ልትሞትብን ነው፣ አሳልፉን!" ትላለች። የምትሞተው እኔ መሆኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሐኪም ቤት የተቀበለን ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው። "እማማ፣ መቼ ጀመረዎት?" አለኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እማማ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

"ጠዋት ሦስት ሰዓት።"

የእጅ ሰዓቱን አየ። "አሁን እኮ አሥር ሆኗል። እስካሁን ምን ሲያደርጉ ነበር?"

በቀኝ እጄ ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ስትሮክ ነው ተባለ፤ በአንጎሌ ቀኝ በኩል የደም ሥር ተዘግቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነበር፤ ግን ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልተሰጠ አይሆንም። እኔ ሰባት ሰዓት አሳልፌያለሁ።

"እጄስ?" አልኩት። "ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"አሁን ምንም ማለት አልችልም።"

ግፊት እንዳለብኝም አውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚወሰደውን ኪኒን ጾም ሲገባ ትቼዋለሁ፤ ውሃ ጾም ይፈታል ብዬ። ይህንን ለሐኪሙ የነገርኩት በማግስቱ ነው። በኋላ የንስሐ አባቴ ሲሰሙ "ማን መድኃኒት ተዪ አለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላለኝም።

አሥር ቀን ተኛሁ። ምግብ ግማሽ ግማሽ እያመጡልኝ መስሎኝ "ለታማሚም ትሰስታላችሁ?" እያልኩ ነርሷን ስነዘንዛት ሰነበትኩ። ሰሃኑን ስታዞረው ሌላው ግማሽ ብቅ ይላል። ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ቤቴ ስመለስ በከዘራ መራመድ ጀምሬያለሁ፤ እጄ ግን ጉልበቴ ላይ እንደተቀመጠ ይውላል። እጅና እግሬን የምታለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት የለመድኩትን ሥራ እንድሞክር ስለነገረችኝ ልታስታምመኝ የመጣችው ሰላም የብጣሹን ከረጢት አወረደችልኝ። ጨርቁ እንዳይሸሽ ካውያ እየጫንኩበት፣ በቀኝ እጄ በመርፌ እየቀጠልኩ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ።

"ሰላም፣ ነይ እዪልኝ! ገበሩ አለቀ።"

መጣች። አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ምነው፣ አላማረሽም?"

"እማዬ..." ብላ ቀኝ እጄን ያዘችና ጨርቁን እያስዳበሰች ወደ ግራ ወሰደችው። ጣቴ ጠረጴዛ ነካ። ጨርቅ የለም። አንገቴን አዙሬ አየሁ። ቀኙ ግማሽ እንደ ድሮዬ ቀጥ ብሏል። ግራው ባዶ ነው። እኔ ያየሁት ግን ሙሉ ገበር ነበር። ሙሉ! እጄን ነው ያጣሁት ስል፣ ለካ ዓይኔም አብሮ ሄዷል። ልጄ እንዳታየኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

"ዓይንዎ ደህና ነው" አለችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ። "ግራውን የዘለለው አንጎልዎ ነው። ኔግሌክት ይባላል። በልምምድ ይሻሻላል።"

"ሌላው ሰው ግራ ይገባዋል፣ እኔን ደግሞ ግራ ጠፋኝ በያ" ስላት ሳቀች። ከድጃ ከሱቋ ቀይ ጥብጣብ አመጣች፤ በጠረጴዛዬ ግራ ጠርዝ ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ስፌት ከመስፋቴ በፊት አንገቴን አዙሬ ቀዩን እፈልጋለሁ፣ ሳገኘው ወደ ቀኝ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ፤ በሰሃኔም ላይ፣ በበር ስገባም እንዲሁ እያደረግኩ፣ ስሰለች እየተሳደብኩ፣ ቀን በቀን ግራዬን ለመድኩት።

የልጅ ልጄ ገበሩ ሳያልቅ ተወለደች። ሊያሳቅፉኝ ይሞክራሉ፤ እምቢ እላለሁ። በግራ ክንዴ ይዣት ብረሳትስ? አንድ ወር ሙሉ ከአልጋው ዳር ሆኜ ብቻ አየኋት። ስለዚህ ፍርሃት ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እንዲህ የሚያስፈራው ካለ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። ግራ አውራ ጣቴ ጨርቅ መቆንጠጥ የጀመረ ዕለት ግን ልጅቷን ተቀበልኳት፤ ሰላም ክርኔን ደግፋ፣ እኔ ዓይኔን ሳልነቅል። ድሪቶውም ለክርስትናዋ ደረሰ። በግራ በኩል ስፌቱ ተንጋዷል፤ አልፈታሁትም፣ እንቅልፍም አልነሳኝም።

ከድጃን፣ ልጄን፣ ያቺን ትዕግሥተኛ ፊዚዮቴራፒስት፣ እማማ ያለኝን ሐኪምም ሳይቀር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠርዝ አጥፋለሁ፣ ሽርጥ እሰፋለሁ። ቁልፍ መትከል ግን አልሆነልኝም፤ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።

እናንተም ግፊት ካለባችሁ ኪኒናችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። የቤታችሁ ሰው አፉ ከጠመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። ደርሳችሁ "ምንም የለበትም፣ ምች ነው" ቢሏችሁ ታፍራላችሁ። እፈሩ! እኔ ያን ሀፍረት ባገኘው ኖሮ፣ ዛሬ ቁልፍ የምተክለው በሁለት እጄ ነበር።