ከደሴቲቱ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች

ኩባ መኖሬን ያወቀ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም፤ «እውነት እንደሚሏት ናት?» ይለኛል። ባሕሩን፣ ነጩን አሸዋ፣ ዘንባባውን ማለቱ ነው። ለቸኮለ ሰው «አዎ» ብዬ አሳልፈዋለሁ። ጊዜ ያለው ከሆነ ግን የእናቴን ነገር ሳልነግረው አልለቀውም።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኛ ግን ያቺን ደሴት ሳናያት ነው የናፈቅናት። በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ስማር ኩባ ሄደው ከሚማሩት አንዷ ሆኜ ተመረጥኩ። በሽኝታችን ላይ አንድ ካድሬ ተነሥቶ ክረምት የማያውቃት፣ ባሕሯ ለብ ያለ፣ ፍሬው ከዛፉ ወድቆ የሚጠብቅባት አገር እንደሆነች ነገረን። እሱም አላያትም። ቡሬ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው እናቴ ንግግሩን ሰምታ ስትወጣ፣ «ክረምት ከሌለ በርበሬው በምን ይበቅላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቆጣኋት።

እኔ እንዲህ ነበርኩ። ወጡ ጨው በዛበት፣ ደግሞ አነሰው፣ ቀሚሱ ጠበበኝ፣ ጭሱ ዓይኔን አጠፋኝ። ስታባብለኝም ስትሰድበኝም «የኔ እሬት» ነበር የምትለኝ። ስንጨቃጨቅ ያየ ባላንጣ እንመስለው ነበር፤ መቼም እናትና ልጅ ሲጣሉ ሞኝ እውነት ይመስለዋል።

ባሕሩን መጀመሪያ ሳየው፣ ሐቁን ልናገርና፣ አፌን ይዤ ቀረሁ። ካድሬው ያልዋሸበት ነገር ቢኖር ባሕሩ ነው። ነገር ግን ባሕር ዳር ስንት ቀን ይወረዳል? ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን ግሬፕ ፍሩት እንለቅማለን። ፍሬው ወድቆ አልጠበቀንም፤ መሰላል ወጥተን ነው የምናወርደው። ቢምቢው አያስተኛም፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። አንድ ጊዜ የመጣ ዐውሎ ነፋስ የመመገቢያ አዳራሹን ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። ምግቡ ሩዝና ጥቁር ባቄላ ነው፤ በማግስቱም ሩዝና ጥቁር ባቄላ።

ከዚህ ሁሉ አንዱንም ለእናቴ አልጻፍኩላትም። በእኛ አገር ደብዳቤ ክፉ ወሬ አይጫንበትም። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ይጀመራል፣ በሰላምታ ያልቃል። እናቴ መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀት ብትቀበልም የእኔ የተጠላለፈ ጽሕፈት አይነበብላትም። የሚያነቡላትም፣ መልሱን የሚጽፉላትም ገበያ ላይ ከጎኗ ጨርቅ የሚሸጡት ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነበሩ። እሳቸው ሲያነቡ ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መርቃችሁ የላካችሁኝ ለዚህ ነው ብዬ ልጻፍ? ኩራትም ያዘኝ። ዘንባባና ነጭ አሸዋ ያለበት ፖስት ካርድ ገዝቼ ከጀርባው «እማዬ፣ ገነት ነው» ብዬ ላክሁላት። ከዚያ በኋላ ያለው ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያው ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የተቀበለችኝ አክስቴ ናት።

«እናቴስ?» አልኳት።

«እግሯን ትንሽ አሟት እንጂ ደህና ናት። ነገ ቡሬ እንወርዳለን» አለችኝ፤ አብልታ አጠጥታ አስተኛችኝ።

ጎሕ ሲቀድ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ አይጻፍም፤ አገሩ ሲገባ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚነገረው። ወጉን ሳውቀው ነው ያደግሁት፤ በእኔ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። በዚያ ዓመት «እናትሽ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰውኝ ተደስቼባቸው ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቡሬ እናቴ ቤት ገባሁ። ፖስት ካርዱ ከማርያም ሥዕል አጠገብ በሚስማር ተመቷል። ጎረቤታችን ተከትለውኝ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ንዴቴን አልቻልኩትም።

«የሞተችን ሰው ደህና ናት ብለው እንዴት ይጽፉልኛል?»

«ወግ ነው ልጄ፤ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው። አንቺስ ስትጽፊላት የከረምሽው እውነት ነበር?»

ዓይኔን ወደ ፖስት ካርዱ መለስኩ።

«እናትሽ አንድም ቀን አላመነችሽም» አሉ። «አንብቤ ስጨርስ፣ እስቲ ይድገሙልኝ፣ የተቆጣችበት ቦታ አይጠፋም ትለኛለች። የለም ስላት፣ እንግዲያስ ልጄን አንድ ነገር አግኝቷታል፣ የኔ እሬት ደህና ብትሆን ታማርር ነበር ትላለች። ያን ቀን እህል አይወርድላትም።»

እንዳታስብ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ሲያሳስባት ኖሯል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልሰስት የሰጠኋትን ማማረር፣ በፈለገችው ጊዜ ነፈግኋት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እንደሚለቀኝም አላውቅም።

እሳቸው ቀጠሉ። «ሕመሙ ከጠናባት በኋላ አንድ ቀን አላስችል አለኝ። ደብዳቤሽን እያነበብኩ ከራሴ ጨመርኩበት። ሩዛቸው ጨው የለውም፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብላለች አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች። አያችሁ፣ ልጄ ደህና ናት ብላ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ስታወራ ዋለች። ምሳዋንም በላች።»

ፖስት ካርዱን ከግድግዳው ነቅዬ ገለበጥኩት። «ገነት ነው» ይላል፣ በእኔው ጽሕፈት።

«ሩዙ እውነትም ጨው አልነበረውም» አልኳቸው።