«ቅደም» እየተባባሉ ከንፋስ ስልክ እስከ ለቡ

እሁድ፣ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12፡20

አሥራ አንድ ብስክሌተኞች ከንፋስ ስልክ ወደ ለቡ ተነሡ። አንደኛው መቶ ሜትር ሳይሄድ ሰላምታ ለመስጠት ቆመ።

የቆመው ዘውዴ ነው። የጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ሠራተኛ ሲሆን፣ ይህን ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። በአገራችን ብስክሌት መንዳትን ብቻ እንጀራው ያደረገ ሰው የለም። ፋብሪካዎች ግን ጎበዝ ነጂ ፈልገው ይቀጥራሉ፤ ብስክሌትና ማሊያ ይሰጣሉ፤ በልምምድ ቀን ከሥራ ይለቃሉ። አንባቢዎቻችን ከወር በላይ በደብዳቤ የተከራከሩትም ስለ እነዚሁ ነው፦ ከመካከላቸው ለደጋፊና ለተወዳዳሪ ጓዱ ከሁሉ ይልቅ ሰው ወዳዱ ማን ነው? አለቃዬ «ሄደህ አይተህ ጻፍ» አለኝ። ሄድኩ።

የዘውዴ ስም በደብዳቤዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ በመልካም ግን አይደለም። አምና ሲያሸንፍ እጁን የዘረጋለትን ደጋፊ «መንገድ ልቀቅ» ብሎታል። ብርቱካን ያቀበለችውን ሴት ደግሞ ብርቱካኑን በልቶ ልጣጩን መልሶላታል። ባለፈው ሳምንት የፋብሪካው ስፖርት ኮሚቴ ጠርቶ፣ ጋዜጣው ከምስጉኖቹ ተርታ ካላወጣው ብስክሌቷ ለሌላ ጓድ እንደምትሰጥ ነገረው። ዘውዴ የሚኖረው ላፍቶ ነው። ከቤቱ እስከ ፋብሪካው በር በብስክሌት ሩብ ሰዓት ነው፤ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ።

«ሰው መውደድ በስንት ቀን ይለመዳል?» አለኝ ከመነሣታችን በፊት፣ ጎማውን እየነፋ።

«አላውቅም።»

«ባለቤቴ እያስጠናችኝ ነው። ሰላምታ በግማሽ አይሰጥም ብላለች። አንዴ ከጀመርክ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ሳትጠይቅ እንዳትላቀቅ ብላለች።»

ቀዩ መፈክር ሥር የቆሙት የውድድሩ ሰብሳቢ ጓድ አሰፋ ንግግር አደረጉ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጓዱን የሚያስቀድም፣ ምስጉን ብስክሌተኛ እርሱ ነው!» አንደኛ ለሚወጣው ዋንጫ ተዘጋጅቷል። ለምስጉኑ የተዘጋጀው ሙክት ደግሞ ከመድረሻው አጠገብ ከመብራት እንጨት ጋር ታስሯል። ዋንጫ አይበላም። ብስክሌተኞቹ ሙክቱን አዩ፤ ቀጥለው እኔንና ደብተሬን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

12፡50፣ ጎፋ

የምከተላቸው በኮሚቴው ፒካፕ ነው። ሾፌሩ ጋሽ ሙላቱ ከተነሣን ጀምሮ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጡም።

«ልጄ፣ ይሄ ውድድር ነው ወይስ ቀብር?»

«ውድድር ነው፣ ጋሽ ሙላቱ።»

«ለቀብርም ሦስተኛ አስገብቼ አውቃለሁ! በዚህ አያያዝ የወሩ የቤንዚን ኩፖን ዛሬ ማለቁ ነው።»

ከፊታችን አሥሩ ብስክሌተኞች የመንገዱን ግማሽ ሞልተው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ማንም የፊት ጎማውን ከሌላው ጎማ አያሳልፍም። ዳገቱ ሲጀምር የሳሙና ፋብሪካው ሳሙኤል በአንድ እጁ የጫማ ፋብሪካውን በቀለን ጀርባውን ይዞ ገፋው። በቀለ ወደ ኋላ ዞሮ እኔን አየ። ፍሬን ያዘና ከሳሙኤል ኋላ ገብቶ እርሱም በፈንታው ገፋው። ሳሙኤልም ፍሬን ያዘ። ሁለቱም ዳገቱ መሐል ቆሙ። ሌሎቹ ስምንት ጥለዋቸው እንዳይሄዱ ወርደው ጠበቋቸው።

ሁለት ሽማግሌዎች በእግር አልፈዋቸው ሄዱ።

1፡25፣ መካኒሳ

ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘዋል። የዘይትና የትኩስ ፓስቲ ሽታ እስከ መኪናችን ይመጣል። አሥሩ ብስክሌተኞች ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ የአንዱ የጫማ ማሰሪያ ስለተፈታ ነው። እስኪያስር ሻይ ታዘዘ። ሻይ ሲመጣ «አንተ ጠጣ»፣ «ኧረ አንተ» ሲባባሉ ቀዘቀዘ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ መልሶ አሞቀው።

እነርሱ ከሄዱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዘውዴ ደረሰ። መንገድ ዳር እትዬ ብርቄ ብርቱካን ይዘው ቆመዋል። የአምናው ልጣጭ የተመለሰላቸው እሳቸው ናቸው። ዘውዴ ከብስክሌቱ ወርዶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ብርቄ? ልጆች ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?»

«ባለቤትዎ ደህና? ላሚቱ ደህና ናት?»

«ላም የለኝም እኮ።»

ዘውዴ ጥቂት አሰበ። «ጎረቤትዎስ ላም አላቸው?»

«አላቸው።»

«የእሳቸው ላም ደህና ናት?»

«ትናንት ወልዳለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ጥጃውስ?»

እትዬ ብርቄ እኔን አዩኝ። «ወድቆ ነው? ጭንቅላቱን መትቶት ይሆን?» ብርቱካኑን ግን ሰጡት። ላጠው፤ ልጣጩን በጥንቃቄ ማሊያው ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ግማሹን አጎረሳቸው። ከዚያ ቀጥሎ የቆመውን ሰው ሰላም ማለት ጀመረ። በዚያ መስመር አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ።

2፡15፣ ለቡ

ቤቶቹ አልቀው ማሳ ይጀምራል። በአስፋልቱ ዳርና ዳር የጤፍ ክምር ቆሟል፤ አንዳንዱ ጋ ውቂያ ተጀምሯል። መዞሪያው አንድ ባዶ በርሜል ነው። እንደደረስን አሥሩ ብስክሌተኞች በርሜሉን ከበው «ቀድመህ ዙር» ይባባሉ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ላይ ዞሩ፤ በርሜሉ ወደቀ፤ ለማንሣትም ተሽቀዳደሙ።

ዘውዴ የደረሰው እነርሱ ከተመለሱ በኋላ ነው። በርሜሉ አጠገብ በሬዎቻቸውን በአውድማ የሚነዱት ኦቦ ገመቹ ቀና ሲሉ አየና «አካም ቡልተን?» አላቸው። ከባለቤቱ ያልተጠና ሰላምታ ነው፤ የቀለም ክፍል ባልደረቦቹ አስተምረውታል። ኦቦ ገመቹ ደስ ብሏቸው በኦሮምኛ መለሱ። የእሳቸው ሰላምታ ከእሱ ይበልጥ ይረዝም ነበር። ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። የግራውን በሬ ጤንነት ዘውዴ ለብቻው ጠየቀ።

«የቀኙ ይከፋዋል» አሉ ጋሽ ሙላቱ ከመኪናው ውስጥ።

ዘውዴ የቀኙንም ጠየቀ።

ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ። ማሊያው በላብ አልረጠበም። ፊቱ ግን ጨፍግጓል። «ስንተኛ ነኝ?»

«አሥራ አንደኛ።»

«ከስንት?»

«ከአሥራ አንድ።»

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ሳሸንፍ አመል የለህም አሉኝ። አሁን ደግሞ ተሸንፌም ምስጉን ካልተባልኩ፣ ከእንግዲህ በሌሊት እየተነሣሁ በእግሬ ነው። ምን ጻፍክ?»

«ያየሁትን።»

«የቀኙን በሬ ጽፈኸዋል?»

ጽፌዋለሁ አልኩት። ተነሣ።

3፡30፣ ንፋስ ስልክ

ደርሶ መልሱ በደኅና ቀን አንድ ሰዓት አይፈጅም። አሥሩ ብስክሌተኞች በኖራ የተሰመረው መድረሻ ላይ የደረሱት ከተነሡ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሁሉም ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ፍሬን ያዙ።

«በቀለ፣ ቅደም» አለ ሳሙኤል።

«ኧረ በሞትኩት! አንተ ቅደም፣ ታላቄ ነህ።»

«በሁለት ወር ነው የምበልጥህ።»

«ሁለት ወር ቀላል ነው? በእናትህ ግባ!»

«እናቴን አታንሣ፣ አንተ ግባ!»

ሕዝቡ መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሣቀ፤ ከዚያ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ሰዓት ያዡ አቶ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «ልጆች፣ ሰዓቱ እናንተን አይጠብቅም» አሉ። ጓድ አሰፋ በድምፅ ማጉያው ለመገሠጽ ቢሞክሩ ሳሙኤል «እርስዎ ይቅደሙ፣ ጓድ ሰብሳቢ» አላቸው። ጓድ አሰፋም «የለም፣ እናንተ» ብለው ማጉያውን አወረዱ።

በዚህ መሐል ዘውዴ ደረሰ። አሥር ሰዎች በአንድ አፍ «ቅደም!» አሉት።

ዘውዴ ወረደ። አሥሩንም በየተራ ሰላም አለ፤ ልጆቻቸውን ጠየቀ፤ ሳሙኤል ልጅ ስለሌለው የእህቱን ልጆች ጠየቀ። ሁሉም መልሰው «ቅደም» አሉት። ዘውዴ መስመሩን አየ፤ ሙክቱን አየ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቶ ደምሴን «ሰው ሲጋብዝ ስንት ጊዜ እምቢ ይባላል?» አላቸው።

«ሦስቴ። ከዚያ በላይ ንቀት ነው።»

«አይሆንም፤ አይሆንም፤ አይሆንም» አለ ዘውዴ፣ ኮርቻው ላይ ወጣና መስመሩን አለፈ። 3፡52 ነበር።

ሁለተኛ የወጣው ሙክቱ ነው። ሕዝቡ በጩኸት ሲገፋ ገመዱን በጥሶ ከዘውዴ ኋላ መስመሩን አለፈ። አሥሩ ብስክሌተኞች ሊይዙት ተከትለው ሮጡ፤ በዚህም መስመሩን ያለፉበት ቅደም ተከተል አልተያዘም። ሙክቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ወደ ሣሪስ ሲሄድ ነው።

ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ተከራከረ። ጓድ አሰፋ «ቀድሞ የገባ ሰው ምስጉን ሊባል ይችላል?» ብለው ጠየቁ። አቶ ደምሴ «አሥር ሰው ለምኖት ነው የገባው» አሉ። ደብተሬን እንዳነብ ታዘዝኩ። በመንገድ ዳር ለቆመ ሰው የተሰጠ ሰላምታ፦ ዘውዴ አርባ ሦስት ሰው፣ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም በጎረቤት በኩል። የቀሩት አሥሩ፣ ምንም። ዓይናቸው እርስ በርሳቸውና እኔ ላይ ነበር። ሳነብ እትዬ ብርቄ ከሕዝቡ መሐል «ጥጃዋንም ጨምር!» አሉ። ጨመርኩ። ጓድ አሰፋ ውሳኔው ለፋብሪካው ኮሚቴ ይተላለፋል ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

ዓርብ፣ ጥር 21 ቀን፣ ከቀኑ 11፡10፣ የፋብሪካው በር

ሠራተኛ ይወጣል። ዘውዴ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጦ መጣ፤ በሩ ላይ ወርዶ ዘበኛውን ሰላም አላቸው፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ጠየቀ። ከኋላው የቆመው ሰልፍ ስድስት ደቂቃ ጠበቀ። 11፡16 ላይ ወደ ላፍቶ አቅጣጫ ነዳ።