ለአንድ ሸለቆ ሁለት ባቡር

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ከተማ ውስጥ ባየሽን የማያውቅ የለም ብዬ አልዋሽም፤ አንድ ሰፈር ያውቃታል፣ እሱ ይበቃታል። ሃያ ዓመት ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንት መጦሪያ ቤት፣ ሠርታ ጡረታ ወጣች፤ አሁን በግማሽ ቀን የሰፈሩን የአረጋውያን ማዕከል ምድር ቤት ትጠብቃለች። እዚያ አምና ሁለት የኛ ሰዎች በትልቅ ጠረጴዛ ላይ የአሻንጉሊት ባቡር መዘርጋት ጀመሩ። ቶማስ አውቶቡስ ነጂ ነበር፣ ረጋሳ ታክሲ ነጂ። ጥንት ከጎረቤታችን ከሴንት ፖል ከተማ ተነስተው ወደ ምዕራብ ሐዲድ ለመዘርጋት የተሽቀዳደሙትን ኩባንያዎች ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው። አንዱ አንዱን ኩባንያ ያዘ። ያዘ ስል ተዳረ ማለቴ ነው።

ተራራው ጋ ሲደርሱ ሸለቆው የሚያሳልፈው አንድ ሐዲድ ብቻ ሆነ። ረጋሳ የዘረጋውን ቶማስ ይነቅላል፤ ቶማስ የዘረጋውን ረጋሳ። የማዕከሉ ኃላፊ ሶሬቲ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ እስከ ቅዳሜ ካላለቀ ጠረጴዛው ይወጣል፣ ምድር ቤቱም ይዘጋል። የባየሽ ሥራም አብሮ ይዘጋል።

ሐሙስ ባየሽ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ ሽምግልና ጀመረች።

«እትዬ ባየሽ፣ ቀድሞ የደረሰው የኔ ኩባንያ ነው» አለ ቶማስ።

«የኔን ነቅለህ ነዋ» አለ ረጋሳ። «አውቶቡስ ስትነዳም ሰው ጥለህ ነበር የምትሄደው።»

«አንተስ ሰው ጭነህ አይደል መንገድ የምትጠይቀው?»

ባየሽ አዳመጠች። በሽምግልና ግን ባለጉዳይ ሁሉ ሳይሰማ ፍርድ የለም።

«መሬቱ የማን ነበር?»

ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው ዞሩ።

«ዛፍ ሠርታችኋል፣ ላም ሠርታችኋል። ለባለመሬቱ አንዲት ቤት እንኳ የለችም።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በሰው አገር ተሽቀዳደሙ፤ እኛ ደግሞ መጥተን ማን ቀደመ እያልን እናጨበጭባለን።

«እሱ ሌላ ርዕስ ነው፣ እትዬ» አለ ረጋሳ።

«እውነቱን ነው» አለ ቶማስ።

በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። በእሷ ላይ ለመተባበር ወንበር አጠጋጉ። አርብ ሸለቆውን አስፍተው ሁለቱንም ሐዲድ አሳለፉ፤ አንድ ሰዓትም አልፈጀባቸው።

ቅዳሜ ጎብኚ ተሰልፎ ሳለ ሶሬቲ መጣች። «እትዬ ባየሽ፣ አስታረቋቸው። ሥራዎም አለ።»

«አላስታረቅኩም። አንድ ባለጉዳይ ይቀራል» አለችና በሩን ቆለፈች። «የባለመሬቶቹ ቤት ሳይሠራ ማንም አይገባም።»

«ምን ዓይነት ቤት እንደነበራቸው በምን እናውቃለን?» አለ ቶማስ።

«ሐዲዱ የተነሳበት መሬት ነባር ሕዝብ፣ ዳኮታዎቹ፣ የትም አልሄዱም፤ እዚሁ ሚኒሶታ አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው።»

ሁለቱ ኮታቸውን ለበሱ።