የአዛዡ አሳዎችና የአባቴ ጎጆ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ለአሳ ኮሶ ያጠጣሁ ሴት ነኝ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔም ከሚያስቀው ላይ አቆምላቸዋለሁ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ሆዴም የሚፈጀውን ፈጅቶ ጨርሷል።

አባቴን የያዙት አርበኞችን አብልተሃል ብለው ነው። እውነትም አብልቷል። ያላበላ ማን ነበርና! ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን የፊጥኝ አስረው ወስደው እስር ቤት ከተቱት። እናቴ ታናሽ እህቴን ይዛ ቀረች፤ እህቴ ያኔ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ ሄጄ በእስር ቤቱ አዛዥ ቤት ልብስ አጣቢ ሆንኩ። ሰው «ለጣልያን ታጥባለች» ብሎ አማኝ። ይማኝ። ለአባቴ ስንቅ የማስገባበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

አዛዡ እልፍኙ ውስጥ የመስታወት ሣጥን ነበረው። በውሃ ተሞልቶ ሦስት ቀያይ አሳዎች ይመላለሱበታል። እኔ አሳ የማውቀው ከወንዝ ወጥቶ ሲጠበስ ነው፤ ለማየት ብቻ አሳ የሚያኖር ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ሰው እያሰረ አሳ ይቀልባል ብዬ በልቤ ረገምኩት።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ ካሚዮን ሌሎች ሁለት አሳዎች በቆርቆሮ ተደርገው መጡለት። ከድሮዎቹ ጋር አልቀላቀላቸውም። ለብቻቸው በሳፋ አስቀመጠና ወር ሳይሞላቸው እንዳይቀላቀሉ፣ አዲስ መጤ በሽታ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል አስጠነቀቀን። ይህን የነገረኝ የአዛዡ ወጥ ቤት ነው፤ የሐማሴን ሰው ስለሆነ ጣልያንኛውን እየሰማ ይተረጉምልኝ ነበር። በሳምንቱ አዛዡ በደብረ ኤልያስ በኩል ዘመቻ ወጣ፤ አሳ መቀለቡም በእኔ ላይ ወደቀ።

ከሁለቱ አዳዲሶች አንዷ ብዙም ሳትቆይ ሞታ ተንሳፈፈች። የቀረችው ደግሞ የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጀርባዋ እንደ ቢላዋ ስለት ቀጠነ፣ ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። ሳፋው ጥግ ላይ ሆና ክንፏን እንኳ አታንቀሳቅስም።

በእኛ አገር የታመመ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ተራ ገብቶ ያስታምማል፤ የሚያወራው ቢያጣ እንኳ ዝም ብሎ እግሩ ሥር ይቀመጣል። ሰው ሳያየው የሞተ በሽተኛ ካለ መንደሩ በሙሉ ያፍርበታል። እኔ ደግሞ አባቴ በዚያ እስር ቤት ማን እያስታመመው ይሆን እያልኩ ሳለቅስ የምውል ነኝ። ያቺን አሳ ለብቻዋ ማየት አልቻልኩም። በጭልፋ ጨለፍኩና ከሦስቱ ጋር ከመስታወቱ ውስጥ ጨመርኳት። መጥተው ከበቧት፤ እኔም ደስ አለኝ። እንዴት ያለሁ ጅል ነበርኩ!

አዛዡ እስኪመለስ አራቱም ከስተዋል። «ጉድሽ ፈላ» አለኝ ወጥ ቤቱ።  እሱ ግን እግዜር ይስጠው፣ ሳፋው ስለተነደለ ነው የቀላቀልናት ብሎ ዋሸልኝ። አዛዡ ከመስታወቱ ፊት ቁጭ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ ከእስር ቤቱ በየጊዜው ሬሳ ሲወጣ ያ ሰው ፊቱን እንኳ አያጠቁርም ነበር።

ያን ጊዜ አፌ እንዴት እንደደፈረ አላውቅም፣ «ኮሶ ነው» አልኩ። እየበላ የከሳ ሁሉ ኮሶ አለበት፤ ይህን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ወጥ ቤቱ እየሳቀ ተረጎመው። አዛዡ አልሳቀም። አባቴ እስረኛ መሆኑን ያውቃል መሰለኝ፣ «ካዳነቻቸው አባቷን እፈታላታለሁ በላት» አለ። ካላዳንኳቸው ምን እንደሚሆን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚውል። ጠያቂ የማይገባበት በሽተኛ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እኔም በዚያው ደንብ ሄድኩ። አራቱንም ለየብቻቸው በተለያየ ዕቃ አስቀመጥኩ፣ በጨርቅ ሸፈንኩ፣ አንድ ቀን አስጾምኳቸው። ኮሶውን አልሜ ፈጭቼ በእንቁላል አስኳል ለወስኩት። ሁዳዴ ነበር፤ እንቁላል የነካ ጣቴን እንዳልልስ እጠነቀቃለሁ። ልኩን ማን ያውቃል? ለሰው በእፍኝ ነው፤ ለአሳ በጥፍሬ ጫፍ ሰፈርኩ። እሱም በዝቶ ኖሯል፣ መጀመሪያ የሰጠኋት በማግስቱ ሞተች። ለቀሩት ግማሹን አደረግሁ። አንደኛዋ ቀድሞውንም የሞተች ያህል ነበረችና አለፈች። ሁለቱ ግን እንደ ክር ያለ ነገር ከሆዳቸው ወጣ፤ ውሃቸውን እየቀየርኩ ዳግመኛም ሰጠኋቸው፣ ከፋሲካ በኋላ ሆዳቸው ሞላ።

የገባኝ ግን ከኮሶው ይልቅ ሌላው ነው። የድሮዎቹ ጤነኞች ነበሩ። በሽታውን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ፣ ያቺ አሳ ብቻዋን አትሁን ብዬ።

ጣልያን ቃሉን ጠበቀ ስል ዛሬም አፌን ይመረኛል፤ ግን ጠበቀ። አባቴን ለቀቀው። ከእስር ቤቱ በር ላይ ስቀበለው አላወቅሁትም ነበር። ያ ጎምላላ ሰው ነጠላው ውስጥ ጠፍቷል። እየደገፍኩ ወሰድኩት፣ መንገዱን ሁሉ ሲያስል ነጠላው በደም ጨቀየ። ይህ ኮሶ እንዳልሆነ አየሁ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እህቴ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ከላዩ መነጨቅኋት። ለአባቴ ያነጠፍኩት ከቤት ሳይሆን ጥጆች ያድሩበት ከነበረው ጎጆ ነው። እናቴ «አበድሽ አንቺ ልጅ? የታመመ ሰው ብቻውን ሊተኛ?» አለች። አላበድኩም አልኳት። ምግቡን እኔ አደርስለታለሁ፣ ዕቃው ለብቻ ይሁን፣ ሕፃኗ ደጃፉ እንዳትደርስ አልኩ። አባቷን ከእንስሳ ቆጠረችው ተባልኩ። እናቴ ብዙ ቀን አላነጋገረችኝም፤ ግን የእህቴ ነገር አስፈርቷት ኖሮ ዝም ብላ ታዘዘችኝ።

ምግብ ሳገባለት አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «አባዬ፣ ትንሽ ይቅመሱ» እለዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ዞሮ አየኝና «ለአሳው እንኳ ጓደኛ ፈልገሽለት ነበር አሉ» አለኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ መቼም አገር ወሬ አያጣም። ለአሳዋ ያን ስላደረግሁ ነው ለእርስዎ የማላደርገው ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ከዚያ በኋላም ይህን ነገር ከእሱ ጋር አንስተን አናውቅም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከከተማ ከአጠባ ስመለስ፣ የጎጆውን በር ብገፋው እንቢ አለኝ። ብገፋው ብገፋው የሚከብድ ነገር አለበት። በጎን ያለውን ጭራሮ ነቅዬ ገባሁ። አባቴ መኝታውን ከግድግዳው ሥር አንሥቶ በሩ ሥር አንጥፎታል፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሞቷል። ከመቼ ጀምሮ እዚያ ይተኛ እንደነበር አላውቅም። ምግቡን ሳመጣ እየተንፏቀቀ ይነሣልኝ ኖሯል፤ እኔ ለማስቀመጥ እንጂ ለማየት አልገባም ነበር።

ለቅሶው ላይ የሰማሁትን ስድብ አልጽፈውም። ከእኔ በቀር በቤታችን ያሳለ ሰው አልነበረም፣ እኔም ኋላ ድኛለሁ። እህቴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ግን አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ከአርባው በኋላ እህቴ ከዚያው ጎጆ ደጃፍ፣ ከውጭ በኩል፣ በሩን ተደግፋ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ምን ታደርጊያለሽ ብላት፣ እናቴ ወደ ማሳ፣ እኔ ወደ ከተማ ስንሄድ ሁልጊዜ እዚያ ትቀመጥ እንደነበር ነገረችኝ። እሷ ከውጭ፣ አባቷ ከውስጥ፣ በሩን ተደግፈው ያወራሉ።

«ግቢ ብሎሽ ያውቃል?» አልኳት።

«ልግባ ስለው ይቆጣኛል» አለች። «እህትሽ ያለችሽን ስሚ፣ እሷ ታውቃለች፣ እኔ ብሆንም እንደሷ አደርግ ነበር ይለኛል።»

ለእኔ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔም ፊቱን አዙሮብኛል ብዬ አልጠየቅሁትም።